40 የታሰበችው ጀልባ 21 ሄደች፦ ከጣና የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባሕር ዳር ላይ አንዲት የብረት ጀልባ በትእዛዝ ተሠራች። ርዝመቷ 12 ሜትር፣ ወርዷ 3 ሜትር ከ40 ነው። ባለቤቷ የሚፈልጉትን ያውቁ ነበር። ጠዋት ከባሕር ዳር ተነሥታ፣ ጣናን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጣ፣ ጎርጎራ ምሳ አብልታ በዚያው ቀን የምትመለስ ምቹ ጀልባ። ፍጥነቷ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል ተብሎ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በተሞከረችበት ቀን 21 ሄደች።

እኔ ባሕር ዳር የባሕር ምህንድስና ተምሬ፣ ለዓመታት በጭነት መርከቦች የሞተር ክፍል የሠራሁ ሰው ነኝ። ለእረፍት አገር ቤት በመጣሁበት ጊዜ ነው "እባክህ መጥተህ እያት" ተብዬ የተጠራሁት። እረፍቴ አልቆ እስክመለስ አብሬያቸው ሠራሁ። ባለቤቱ ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ስም ግን የማንንም አልጠራም። የምጽፈው ሌላ ሰው ተመሳሳይ ጀልባ ሲያሠራ ያንን ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ሁለተኛ እንዳይከፍል ብዬ ነው።

ሐሳቡ ከየት መጣ

ባለቤቱ ቡሬ ላይ በእህል ንግድ የተነሡ፣ ኋላ ባሕር ዳር የገቡ ሰው ናቸው። እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። ሐሳባቸው መጥፎ አልነበረም። ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በውሃ ግን ከባሕር ዳር ጎርጎራ በቀጥታ ሲለካ ወደ 72 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከጎርጎራ ጎንደር ደግሞ አጭር የመኪና መንገድ አለ። ጎብኚው ደሴቶቹን እያየ በውሃ ይሂድ፣ ከዚያ በመኪና ጎንደር ይግባ ነው ነገሩ።

ችግሩ ጊዜ ነው። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር በምትሄድ ጀልባ ጎርጎራ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ጎብኚው ደቅ ደሴት ሳይደርስ ይሰለቻል። በሰዓት 40 ቢሆንስ? ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ጋሼ አንድ ፎቶ ነበራቸው። ሜዲትራኒያን ላይ የተነሣ፣ ረጅም ጉዞ የምትሄድ የቅንጦት ጀልባ ፎቶ ነው። ሁለት ፎቅ፣ ሹል አፍንጫ፣ ከኋላዋ ነጭ አረፋ። "እንደዚች" አሉ።

ፎቶው የማያሳየውን ልንገራችሁ። እንዲህ ያሉ ጀልባዎች አብዛኞቹ የሚሠሩት ከአሉሚኒየም ወይም ከፋይበር ነው። አሉሚኒየም ክብደቱ ከብረት አንድ ሦስተኛ ነው። ለጥንካሬ ወፈር ተደርጎ እንኳ መጨረሻ ላይ የጀልባዋን አካል እስከ ግማሽ ድረስ ያቀለዋል። ሌላው ነገር፣ ውቅያኖስ ሲያቋርጡ በዚያ ፍጥነት አይሄዱም። ከካናሪ ደሴቶች እስከ ካሪቢያን 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን ሁሉ መንገድ በሙሉ ፍጥነት ለመሄድ የሚበቃ ናፍጣ ልጫን ብትል ናፍጣው ራሱ ጀልባዋን ያከብዳታል። ስለዚህ ካፒቴኖቹ ጉዞው ሲረዝም ፍጥነት ይቀንሳሉ። ፈጣን መሆንና ሩቅ መሄድ ሁልጊዜ ይሻማሉ። የሚሻሙትም በክብደት ላይ ነው።

ንድፉን የሠራው ሌላ ባለሙያ ነው። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ሥራ ነው። ነዳጅ ሞልታ፣ ሰው ሳይገባባት 7.5 ቶን ትመዝናለች ይላል። እያንዳንዳቸው 150 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ናፍጣ ሞተሮች ታስበውላታል። ይህ በቶን 40 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። በዚህ ልክ 40 ኪሎ ሜትር የማይደረስ ሕልም አይደለም። ሆኖም ንድፉ የተሠራው እንደ ባሕር ጠለል አየር ታስቦ ነው። ሠሪዎቹም ሥራውን ከጀመሩ በኋላ ወረቀቱን ብዙም አላዩትም።

የመጀመሪያው ቀን

ጀልባዋ ውሃ የገባችው በጥቅምት ነው፤ ሐይቁ ሞልቶ ሳለ። ቄስ ባርከዋታል፣ ዳቦ ተቆርሷል፣ ሰው ተሰብስቧል። ካፒቴኑ በጣና ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁ አዛውንት ናቸው። ቀስ ብለው አወጧትና ጋዝ ሰጧት።

አፍንጫዋ ሽቅብ ተነሣ። ኋላዋ ተቀበረ። ከሁለቱም ማርሚታ ጥቁር ጭስ ወጣ። በስልክ ጂፒኤስ ፍጥነቷ ሲለካ 21 ላይ ቆመ። ሞተሮቹ በደቂቃ 2,500 ዙር መዞር ሲገባቸው 1,950 ላይ ታንቀው ቀሩ።

እኔ ስደርስ ጭቅጭቁ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። መካኒኩ ጥፋቱ የፕሮፔለሩ ነው ይላል። የብየዳው ፎርማን ሞተሮቹ አሮጌ ናቸው ይላል። ጋሼ ሞተር የሸጠላቸውን ሰው ሊከሱ ጠበቃ አነጋግረዋል። ካፒቴኑ ብቻ ዝም ብለዋል። ለብቻቸው አግኝቼ ስጠይቃቸው አንድ ነገር ነገሩኝ። "ልጄ፣ ይቺ ጀልባ ከብዳለች። ጎኗ ላይ የተቀባውን መስመር ተመልከት።"

ሄጄ አየሁ። ንድፉ ላይ የውሃው ወለል ይደርሳል ተብሎ የተሠመረው ቀይ መስመር ከውሃው በታች ገብቶ ነበር። አንድ መዳፍ ያህል ጠልቋል። ያን መስመር ከቀባው ሠዓሊ ጀምሮ ሁሉም ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ ከርሟል።

ምን እየሆነች ነበር

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፤ ነገሩ የሚገባው በዚህ በኩል ነውና።

ጀልባ ስትሄድ ከፊቷ ማዕበል ታስነሣለች። ፍጥነት በጨመረች ቁጥር ያ ማዕበል እየረዘመ ይሄዳል። ርዝመቱ ከጀልባዋ ርዝመት ጋር ሲስተካከል ጀልባዋ በራሷ ማዕበል መሐል ትያዛለች። ለ12 ሜትር ጀልባ ይህ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ በጥቂት ጉልበት ትሄዳለች። ከዚያ በላይ ልሂድ ካለች የራሷን ማዕበል እንደ ዳገት መውጣት አለባት። ዳገቱን ከጨረሰች ውሃው ላይ ትንሸራተታለች፤ ያኔ ነገሩ ይቀላል። ካልጨረሰች ግን አፍንጫዋን ሰቅላ ናፍጣ እየጠጣች ዳገቱ ላይ ትቀራለች። የእኛዋ ዳገቱ ላይ ነበረች። ዳገት ደግሞ ሸክም አይወድም። የጫነች በቅሎ ያየ ያውቀዋል።

ክብደቷን መመዘን

መጀመሪያ ያልኩት "እንመዝናት" ነው። ጋሼ አልወደዱትም። በክሬን አውጥቶ፣ በሎቤድ ጭኖ፣ የእህል መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ድረስ መውሰድ ገንዘብ ነው። በመጨረሻ ግን እሺ አሉ። ዕድሜያቸውን እህል ሲያስመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሚዛን ይገባቸዋል።

11.2 ቶን ሆነች። ከታሰበው በላይ 3.7 ቶን፣ ማለትም 37 ኩንታል። ጋሼ ቁጥሩን በኩንታል ስነግራቸው ዝም አሉ። "37 ኩንታል ጤፍ ጭኜባት ነው የምሄደው?" አሉኝ። አዎ።

ከዚያ ከፎርማኑ ጋር ቁጭ ብለን ክብደቱ ከየት እንደመጣ ፈለግን። የገበያው ነገር አለ። ንድፉ ለጎኑ 3 ሚሊ ሜትር፣ ለሆዷ 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይላል። በዚያን ሰሞን የተገኘው 5 ብቻ ነው። "ወፈር ቢል ምን ይጎዳል፣ እንዲያውም ይጠነክራል" ተባለ። አንድ ሜትር ካሬ ላሜራ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር በጨመረ ቁጥር ወደ 8 ኪሎ ይከብዳል። ሆዱን፣ ጎኑንና ወለሉን ስንደምር 1.2 ቶን ሆነ።

ከላይ ፎቅ ተሠርቶላታል። ንድፉ ላይ ቀላል የሸራ ጥላ ብቻ ነበር። ጋሼ ፎቶዋን ስለወደዱ የብረት ወለል፣ የብረት መወጣጫና አጥር ተጨመረ፤ 600 ኪሎ። ውስጧ የግራናይት ጠረጴዛና ወፍራም የእንጨት መቀመጫ አለ፤ 500 ኪሎ። ጄኔሬተር፣ ፍሪጅና ባትሪ 300 ኪሎ። ለጥንቃቄ ተብሎ ሌላ የናፍጣ ጋን ተጨምሯል፤ ሙሉውን 400 ኪሎ። ስቱኮና ቀለሙ ራሱ 100 ኪሎ ገደማ።

አሁንም 600 ኪሎ ጎደለን። ፎርማኑ ትንሽ አቀረቀረና ነገረኝ። ፎቁ ከተሠራ በኋላ ጀልባዋ ውሃ ላይ ስትወርድ ትወዛወዝ ነበር። ስለዚህ ከወለሉ ሥር በጆንያ አሸዋ ሞላንባት አለኝ።

በዚህ ታሪክ ከሁሉም በላይ የምቆጭበት ይህ ነው። ፎቁ ከላይ አከበዳት። ከላይ ስለከበደች ተወዛወዘች። እንዳትወዛወዝ ከታች አሸዋ ተጨመረ። አሸዋው ፍጥነቷን ወሰደው። ማንም ክፉ አላሰበም። እያንዳንዱ ሰው ከፊቱ ያለውን ችግር ፈታ። አንድ ሰው ግን ሁሉንም በአንድ ደብተር ላይ አልደመረም።

ከፍታው የወሰደው

ሁለተኛው ሌባ አየሩ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በአምስተኛ ያህል ያንሳል። ተርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ጉልበቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ሞተሩ ላይ 150 ተብሎ የተጻፈው ጣና ላይ 120 ገደማ ነው። ሁለቱ ተደምረው 300 ሳይሆን 240።

መካኒኩ ጭሱ እንዲቀንስ ፖምፓውን አስተካክሎ ነበር። ጭሱ የሚመጣው ግን ናፍጣው የሚቃጠልበት አየር ስላነሰው ነው። ፕሮፔለሩም የተመረጠው ለባሕር ጠለል ጉልበት ነው፤ ስለዚህ ሞተሩን አነቀው። መካኒኩ "ፕሮፔለሩ ነው" ሲል በከፊል እውነቱን ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንይ። 240 የፈረስ ጉልበት ለ11.2 ቶን፤ በቶን 21። በወረቀት 40 ነበር። ግማሽ ጉልበት ይዛ ዳገቱን እንዴት ትውጣው? ጋሼ ይህን ካዩ በኋላ ስለ ክሱ ደግመው አላነሱም። ሞተር ሻጩ ያለውን ነው የሸጠው።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

ክብደት ከመቀነሳችን በፊት ግን አንድ የፈራሁት ነገር ነበር። አሸዋውን ካወጣን ትገለበጥ ይሆን? ይህ በግምት የሚሠራ አይደለም። ስለዚህ የማዘንበል ሙከራ አደረግን። መርከብ ላይ የሚደረግ የታወቀ ሙከራ ነው፤ ለአነስተኛ ጀልባም በርካሽ ይሠራል።

ጠዋት ሐይቁ ሳይነቃ፣ ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ፣ አራት ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አዛወርን። ርቀቱ 2 ሜትር ከ40 ነው። ውስጥ 1 ሜትር ተኩል ገመድ ላይ ቱምቢ፣ ማለትም ቀጥ ብሎ የሚንጠለጠል ክብደት፣ ሰቅለናል። ቱምቢው 12 ሴንቲ ሜትር ሸሸ። ከዚህ ተነሥቶ የጀልባዋን የመረጋጋት ቁመት (ሲበልጥ ጀልባዋ ይበልጥ ትረጋጋለች) ማስላት ይቻላል፤ 54 ሴንቲ ሜትር መጣ። በቁሟ መጥፎ አይደለም። ፎቁ ላይ 10 ሰው ወጥቶ ሁሉም ፎቶ ለማንሣት ወደ አንድ ጎን ቢጠጋ ግን በስሌት ከ10 ዲግሪ በላይ ትዘነብላለች። የዓለም አቀፉ የማሪታይም ድርጅት ደንብ ለመንገደኛ መርከብ እንዲህ ባለ ጊዜ የሚፈቅደው እስከ 10 ዲግሪ ነው። እኛ ያሰላነው ደግሞ ማዕበል ሳይጨመር ነው።

ለጋሼ ነገርኳቸው። ፎቁ ይነሣ። ሁለት ቀን አላናገሩኝም። ፎቁ የጀልባዋ ውበት ነው፤ ሰውም የሚያደንቀው እሱን ነው። በመጨረሻ ያሳመኗቸው ካፒቴኑ ናቸው። "እኔ ፎቁ ላይ ሰው ጭኜ ከሰዓት በኋላ ደቅን አላልፍም፤ ሌላ ካፒቴን ይፈልጉ" አሏቸው። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ፎቁ ተቆርጦ ወጣ፤ በምትኩ ቀላል የሸራ ጥላ ተሠራ። አሸዋው ወጣ። ግራናይቱ ወጣ። ጄኔሬተሩ ወጣ፤ ፍሪጁ በበረዶ ሣጥን ተተካ። የናፍጣው ነገር ግን ረጅም ንግግር ጠየቀ። ጋኖቹ ሲሞሉ 1,500 ሊትር ይይዛሉ፤ ከ1.2 ቶን በላይ ነው። ለምን? "ሩቅ ስለምትሄድ" አሉ። የመርከበኞች ልማድ ናፍጣን ሦስት ቦታ መክፈል ነው፤ አንዱ እጅ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለክፉ ቀን። ለጎርጎራ መሄጃ 120 ሊትር ያህል ቢበቃ፣ በሦስት ሲባዛ 360 ነው። 500 ሊትር ጭነን እንሂድ አልን። በዚህ ብቻ ከ800 ኪሎ በላይ ቀለለች።

እንደገና ስትመዘን 8.8 ቶን ገደማ ሆነች። የማዘንበል ሙከራውን ደገምነው። ያው ጆንያ፣ ያው ርቀት። ቱምቢው አሁን 11 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሸሸ፤ የመረጋጋት ቁመቷ 74 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አሸዋ ሳይኖራት ከቀድሞው ይልቅ ተረጋጋች። ፎርማኑ ቱምቢውን ሦስት ጊዜ ራሱ ለካው። አላመነም ነበር።

ቀጥሎ ፕሮፔለሩ። የክንፉን ጥምዝ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚቆርጠውን ርቀት፣ ከ19 ኢንች ወደ 17 አወረድነው። እያንዳንዷ ኢንች ከ150 እስከ 200 ዙር ትመልሳለች። ከክብደቱ መቅለል ጋር ተደምሮ ሞተሮቹ 2,400 ደረሱ፤ ጭሱም ሳሳ። በመጨረሻ ከኋላዋ ግርጌ ሁለት ትንንሽ ላሜራዎች ወደ ታች ዘንበል አድርገን በየድን። ውሃው እነሱን ሲገፋ ኋላዋ ይነሣል፣ አፍንጫዋ ይወርዳል። ርካሽ ሥራ ናት። በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ሰጠችን።

ያልሠራው

ሁሉም አልሠራም። ሦስቱን በግልጽ ላስቀምጥ።

አንደኛው ተርቦ ነው። ከፍታ የወሰደውን ጉልበት ተርቦ እንደሚመልስ እውነት ነው። ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ጋራዥ ከሌላ መኪና የወጣ ተርቦ በአንዱ ሞተር ላይ ገጠመልን። ለሁለት ሰዓት ደስ አለን። በሦስተኛው ሰዓት የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተቃጠለ። ለተርቦ ያልተሠራ ሞተር ፒስተኑም ማቀዝቀዣውም ለዚያ ሙቀት አልተዘጋጀም። እኔ አጥብቄ መቃወም ነበረብኝ፤ አልተቃወምኩም። ፍጥነቱ አጓጉቶኝ ነበር። ያ ስህተት ለጋሼ አንድ ሙሉ የሞተር እድሳት አስወጥቷቸዋል። ዛሬም ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ማቀዝቀዣው ነው። ሞተሮቹ የሚቀዘቅዙት ከሐይቁ በሚሳብ ውሃ ነበር። ባሕር ላይ ይህ የተለመደ ነው። ወደ ጎርጎራ ስንጠጋ ግን እምቦጭ አለ። አረሙ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን ይበልጥ የተጎዳው የሐይቁ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ዳር ነው። ሥሩና ቅጠሉ የውሃ መግቢያውን ደፈነው፤ ሙቀቱ ሽቅብ ወጣ። መሐል ሐይቅ ላይ ሞተር አጥፍተን በእጃችን ፊልትሮ ስናጸዳ ቆየን። ኋላ ሁለት ፊልትሮ ጎን ለጎን አደረግን፤ አንዱ ሲደፈን ቧንቧውን ወደ ሌላው ማዞር ነው። ይረዳል። ከመጀመሪያው ግን ከጀልባዋ ሆድ ሥር በተዘረጋ ዝግ ቧንቧ መቀዝቀዝ ነበረባት። ሌላ ጀልባ የሚያሠራ ሰው ይህን በንድፉ ላይ ያስገባ።

ሦስተኛው ፍጥነቱ ራሱ ነው። ያን ሁሉ ሠርተን ከሠራተኞቿ በቀር ሰው ሳይኖርባት 29 ሄደች። 12 መንገደኛ ስንጨምር ወደ 25 ወረደች። 40 አልደረሰችም፤ በእነዚህ ሞተሮችና በዚህ ብረት አትደርስምም። ይህን ለጋሼ ፊት ለፊት መናገር ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነበር።

ዘጌ አጠገብ የሆነው

ከሙከራዎቹ በአንዱ ከዘጌ ስንመለስ ወደ ዳር ተጠግተን፣ በፍጥነት ስንሄድ የማገዶ እንጨት የጫነ የደንገል ታንኳ አጠገብ አለፍን። የእኛ ማዕበል መታው። ታንኳው ተገለበጠ። ልጁ ዋና ያውቃል፣ ወዲያው አወጣነው፤ እንጨቱ ግን ተበተነ። ልጁ ሲንቀጠቀጥ ሳየው ስለ ፍጥነት ያለኝ ሐሳብ በሙሉ ተለወጠ።

ኋላ ሳሰላው ምክንያቱ ገባኝ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ማዕበል የሚሄድበት ፍጥነት የተወሰነ ነው። 3 ሜትር ጥልቀት ላይ በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው። ጀልባ በዚያ ፍጥነት አካባቢ ስትሄድ ማዕበሉ አይሸሻትም፤ እየተቆለለ ይከማቻል። እኛ የሄድነው ልክ በዚያ ፍጥነት ነበር። መሐል ሐይቅ ላይ ከዚህ ያነሰ ማዕበል የምታስነሣ ጀልባ ዳር ላይ ስትጠጋ የከፋ ትሆናለች። ጣና ደግሞ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው።

ጋሼ በሽማግሌ ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ፤ የእንጨቱንም ካሣ ከፈሉ። ከልጁ ቤተሰብ ጋር ቡና ጠጣን። ከዚያ ወዲህ ሕግ አለን። ዳር ላይ፣ ወይም ታንኳ በታየበት ሁሉ፣ ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ አይኬድም። ታንኳ የሐይቁ ባለቤት ነው፤ እኛ እንግዶች ነን።

ከዚህ የሚወሰደው

በእኔ አስተያየት ትልቁ ነገር የክብደት ደብተር ነው። ፈጣን ጀልባ የሚያሠራ ሰው ከመጀመሪያው ላሜራ ጀምሮ የገባውንና የወጣውን በኪሎ ይጻፍ። ከየት ከፍታ ላይ እንደተቀመጠም ይጻፍ፤ ወለሉ ላይ ያለ 100 ኪሎና ጣሪያ ላይ ያለ 100 ኪሎ አንድ አይደሉም። ደብተሩን የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ላሜራው በገበያ ሲጠፋ ወይም ባለቤቱ ግራናይት ሲያምረው "ይህ ስንት ኪሎ ነው? በምን ይካካሳል?" ብሎ የመጠየቅ ሥልጣን ይኑረው። ለአውቶቡስ ቦዲም፣ ለተሳቢም፣ ለቆጥ ቤትም ይሠራል።

የሞተር ጉልበት ሲገዛ ጀልባዋ በምትሄድበት ከፍታ ይሰላ። ቢያንስ አምስተኛውን ቀንሱለት።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት ውሃ ላይ ትውረድ። ቀለም ከተቀባ፣ ወንበር ከተገጠመ፣ ቄስ ከባረከ በኋላ መቁረጥ ልብ ይሰብራል። ጋሼ ፎቁን ለማስቆረጥ ሁለት ቀን የፈጀባቸው ሥራው አልቆ ስላዩት ነው።

የጊዜ ሰሌዳ ደግሞ ከሐይቁ ጋር ይስማማ። ጣና ጠዋት ዝም ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ፈጣን ጀልባን ከታች ይደበድባል። ካፒቴኑ ይህን ያውቁ ነበር፤ ንድፉ ሲሠራ ግን የጠየቃቸው ሰው የለም። የተጠሩት ጀልባዋ ካለቀች በኋላ ነው። እኔ ብሆን ኖሮ መጀመሪያ እሳቸውን አማክር ነበር።

ጀልባዋ አሁን

የደርሶ መልስ ሐሳቡ ተትቷል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ትነሣለች፣ በ24 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፣ 3 ሰዓት ላይ ነፋሱ ሳይነሣ ጎርጎራ ትገባለች። እንግዶቹ እዚያ ያድራሉ ወይም ጎንደር ይሄዳሉ። በማግሥቱ ስትመለስ ደቅ ላይ ቆማ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን ታሳያለች። የማይቸኩል ቡድን ሲሆን ካፒቴኑ ፍጥነቱን ወደ 14 ያወርዱታል። ያኔ ጉዞው ከአምስት ሰዓት ትንሽ ቢያልፍም ናፍጣው ከ120 ወደ 50 ሊትር ገደማ ይወርዳል። ብዙ እንግዶች ይህንን እንደሚመርጡ ጋሼ ነግረውኛል፤ ሞተሩ ዝም ስለሚል ወፎቹን መስማት ይቻላል።

ሐይቁ እስከ ሰኔ ድረስ ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚጎድል በበጋው መጨረሻ መቆሚያዋን ወደ ጥልቅ ቦታ ያዛውሯታል። ግራው ሞተር፣ ያ ተርቦ የተሞከረበት፣ እስካሁን ጠዋት ሲነሣ ትንሽ ነጭ ጭስ አለው።

ባለፈው እረፍቴ ሄጄ አይቻታለሁ። ደብተሩ ከመሪው አጠገብ በሲባጎ ተንጠልጥሏል። ጽሑፉ የፎርማኑ ነው። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ "አሮጌው መልሕቅ ወጣ፣ 35 ኪሎ። አዲሱ ገባ፣ 22 ኪሎ።"